የአባቴ መዝገብ

አባቴ ደሴ ውስጥ እህል ነጋዴ ነበር። ከትልልቆቹ የሚቆጠር አልነበረም፤ ያለው አንድ መጋዘን፣ አንድ ሚዛን፣ ሦስት ተሸካሚዎችና አንድ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ከወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስመለስ የራሴን ደብተር አስቀምጬ የእሱን መዝገብ እከፍታለሁ። እህሉ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ በስንት እንደተገዛ፣ በስንት እንደተሸጠና ወዴት እንደተጫነ እሱ ቆሞ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አባቴ ማንበብ ይችላል፤ ለመጻፍ ግን እጁ አይፈታለትም ነበር። አስራ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ይህ ሥራ መላላክ መሰለኝ እንጂ ትምህርት መሆኑ አልገባኝም።

የ1965 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ በወልድያ መንገድ በኩል ሰው ይጎርፍ ጀመር። ከራያና ቆቦ፣ ከየጁ፣ ከላስታ፣ ከአፋር በረሃም ጭምር። መጀመሪያ የመጡት ከብት እየነዱ ነበር፤ ቀጥለው የመጡት ያለ ከብት፤ በመጨረሻ የመጡት ልጅ አዝለው ብቻ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ በየበረንዳው ሥር ሰው ተደርድሮ ያድራል። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ከነዚያ መካከል የማይነሱም ነበሩ። ስለዚያ ረሃብ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጽፈው በመዝገቡ ላይ ስላየሁት ነው።

በመዝገቡ ላይ ረሃብ አልነበረም። የጤፉም፣ የገብሱም፣ የማሽላውም ዋጋ ካምናው ብዙ ፈቅ አላለም። አንድ ምሽት ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለበጥኩ የዓምናንና የዘንድሮን ዋጋ ጎን ለጎን አየሁና የተሳሳትኩ መሰለኝ። በሌላ ወር ጻፍኩት ይሆን ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። አልተሳሳትኩም።

«አባዬ፣ ሰው እህል አጥቶ እያለቀ የእህል ዋጋ ለምን አልጨመረም?» አልኩት።

አባቴ ሚዛኑን እየጠረገ ነበር። «ዋጋ የሚያስጨምረው ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ነው፣ ልጄ። እነዚህ ምን ይዘው ይገዛሉ? በሬያቸውን እንደሆነ መንገድ ላይ ጨርሰውታል።»

በማግስቱ ለአዲስ አበባ አንድ የጭነት መኪና ተጫነ። ኩንታሉን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ተሸካሚዎቹ ጆንያ ተሸክመው ሲወጡ በረንዳችን ላይ የተኛውን ሰው እየተሻገሩ ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴ በየቀኑ ንፍሮ ቀቅላ ደጃፍ ላይ ታድል ነበር፤ እህሉ የሚወጣው ከዚያው መጋዘን ነው። ግን የሚታደለው በቁና፣ የሚጫነው በኩንታል ነበር። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1967 ዓ.ም. ከእኩዮቼ ጋር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረድኩ፤ የካቲት 25 ቀን የመሬት አዋጅ ሲታወጅ በሬዲዮ የሰማሁት ከገበሬዎች መካከል ቁጭ ብዬ ነው። ቀይ ሽብር ሲመጣ አብረውኝ ከዘመቱት ብዙዎቹ አለቁ። በ1970 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ፤ ገዳሪፍና ካርቱም አራት ዓመት ቆየሁ። የአሜሪካ ምክር ቤት በፈረንጆች 1980 ያወጣው የስደተኞች ሕግ በር ሲከፍት ከብዙ ሺህ ወገኖቼ ጋር እኔም ተሻገርኩና በ1982 ዋሽንግተን ደረስኩ። ከዚህ ወዲያ ያሉትን ዓመታት የኖርኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ እንዲሁ እጽፋቸዋለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ኬ ስትሪት ላይ፣ ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ፣ ቲኬት መቁረጥ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የጎጃም ሰው ማታ ማታ ኮሌጅ ይማር ነበር። «አንተም ተመዝገብ» አለኝ። «ማትሪክ አልወሰድኩም» አልኩት። «ማን ጠየቀህ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም። መዝጋቢዋ ስሜን፣ አድራሻዬንና መማር የምፈልገውን ጠየቀችኝ። የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና ሰጡኝ፤ ፈተናው ግን የሚያስገባ ወይም የሚያስቀር አልነበረም፤ ከየት እንደምጀምር የሚነግር ብቻ ነበር። ይህን ለመረዳት ቀናት ወሰደብኝ። አንድ ፈተና የሰውን ዕድሜ ለሁለት በሚቆርጥበት፣ «ማትሪክ ወደቀ» የሚለው ቃል እስከ መቃብር በሚከተልበት አገር ላደገ ሰው ፈተና ወስዶ አለመውደቅ የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ አዲስ ነው።

እኔ የገባሁበት ዓይነት፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባለው ነገር፣ በ1901 ከቺካጎ ብዙ በማትርቀው በጆሊየት ከተማ በስድስት ተማሪዎች የተጀመረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ተመላሽ ወታደሩ በመንግሥት ወጪ ትምህርት ቤት ሲጎርፍ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያሉ የሁለት ዓመት ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ ጠየቀ፤ ስሙንም ያስለመደው ያ ሪፖርት ነው። ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ሁለት ዓመት ተምሮ በዲፕሎማው ሥራ የሚገባ አለ፤ ክሬዲቱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የሚገባ አለ፤ አንድ ኮርስ ብቻ ወስዶ የሚሄድም አለ። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው።

የመጀመሪያው የኢኮኖሚክስ መምህሬ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ማታ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሰሌዳው ላይ ሁለት የሚቋረጡ መስመሮች ሳሉና ዋጋ የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው አሉ። እጄን አወጣሁ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ገንዘብ የሌለው የተራበ ሰው በየትኛው መስመር ላይ ነው ያለው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጠመኔውን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «በየትኛውም የለም» አሉ፤ «ይህ ጥያቄ ከዚህ ኮርስ ይበልጣል፤ እንዳትተወው» አሉኝ። እንዳትተወው ያሉት ቃል ነው መምህር ያደረገኝ።

በአማርኛ የገበያውን ሁለት መስመሮች «አቅርቦትና ፍላጎት» እንላለን። በእንግሊዝኛው ዲማንድ የሚባለው መፈለግ ብቻ አይደለም፤ መክፈል መቻልንም ይጨምራል። የእኛ «ፍላጎት» ግን ኪስ አያውቅም። በእኛ ቋንቋ ከተራበ ሰው የበለጠ ፍላጎት ያለው የለም፤ በገበያው ቋንቋ ደግሞ የእሱ ፍላጎት ባዶ ነው። ብዙ ዓመት ትርጉሙ የተሳሳተ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንዲሁ መቅረቱን እወድደዋለሁ። ቃሉን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሁሉ ያንን ልዩነት ራሱ ይደርስበታል፤ ደርሶበትም «ታዲያ ይህ እንዴት ፍላጎት ይባላል?» ብሎ ይጣላኛል። መጣላት ያለበት ነገር ነው።

ሁለት ዓመቴን ጨርሼ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ፤ ከዚያም ማስተርስ ጀመርኩ። መሀል ላይ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ መጣ። የተራቡት የተሰበሰቡባትን ኮረምን ፓርኪንጉ ውስጥ በነበረች ትንሽ ቴሌቪዥን አየሁ። የአገሬው ሰው መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ እያዘነ ዶላር በእጄ ያስጨብጠኝ ነበር፤ ወዴት እንደምልከው አላውቅም። ያ ወቅት ለእኔ ከባድ ነበር፤ ብዙ ባልናገረው ይሻላል።

በ1987 ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መጽሐፍ እጄ ገባ። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን በ1981 ያሳተሙት፣ ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ የተጻፈ። ሰባተኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ቆሜ ነው ማንበብ የጀመርኩት፤ ስጨርስ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ሴን የሚሉት ይህንን ነው። በወሎ የገበሬው ምርት ወድቋል፤ በአገር ደረጃ ግን የዚያ ዓመት የምግብ ቅናሽ መጠነኛ ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም። እህል ከወሎ ይወጣ ነበር እንጂ በበቂ አይገባም ነበር። ሰው ያለቀው እህል ከምድር ስለጠፋ ሳይሆን እህሉን በእጁ የሚያስገባበት መንገድ፣ ማሳውም፣ ከብቱም፣ የጉልበቱም ዋጋ ስለጠፋበት ነው።

ደሴ የሚለውን ስም እዚያ ገጽ ላይ ሳየው፣ አባቴ ሚዛን እየጠረገ በሦስት ዓረፍተ ነገር የነገረኝ ነገር አንድ ታላቅ ምሁር ከወዲያኛው የዓለም ጫፍ ተነሥቶ የደረሰበት መሆኑን ሳውቅ፣ ምን እንደተሰማኝ በቃል ልገልጸው አልችልም። ኩራት ነው እንዳልል ኩራት አልነበረም። አባቴ የጫነው ኩንታልም እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ነበረ። ሴን በ1998 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ጋዜጣውን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ግን ስለ አባቴ ነው።

ያኔ ክፍሉ የራሴ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ስድስት ዓመት፣ ከ1990 እስከ 1996፣ እንዲህ አልነበረም። በእነሱ አጠራር «አድጀንክት» ነበርኩ፤ ማለትም በኮርስ የሚከፈለው፣ ቢሮ የሌለው፣ የጤና መድን የሌለው፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይጠሩት አይጠሩት የማያውቅ መምህር። በሦስት ኮሌጆች አስተምር ነበር። ጠዋት ሜሪላንድ፣ ከሰዓት ቨርጂኒያ፣ ማታ ተመልሼ ሜሪላንድ፤ በመካከል ቤልትዌይ የሚሉት ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና። የሦስቱ ኮሌጆች የፈተና ወረቀት በሦስት ሣጥን ተለይቶ የመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ተማሪ ሊጠይቀኝ ሲፈልግ ኮሪደር ላይ ቆመን ወይም መኪናዬ ውስጥ ገብተን ነው። አንድ ሴሚስተር ትምህርት ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ሁለት ተማሪ ጎድሏል ተብሎ ኮርሱ ተሰረዘብኝ። የዚያን ወር የቤት ኪራይ የከፈልኩት ወደ ፓርኪንጉ ተመልሼ ነው።

በአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ከሚያስተምሩት አብዛኞቹ ዛሬም እንዲህ ናቸው። ለተማሪው በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ ተቋም መምህሩን ደጅ ማስጠናቱ ስህተት ነው። እኔ ወጥቼበታለሁ፤ ያልወጡትን አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

በ1996 ቋሚ ሆንኩ። በሴሚስተር አምስት ኮርስ፣ በአንድ ክፍል ሠላሳ ያህል ተማሪ። ስሌቱን ጡረታ ስወጣ ሠራሁት፤ ከ7 ሺህ በላይ ሰው አስተምሬአለሁ። ምርምር አይጠየቅም፤ ጊዜም የለም። የጀመርኩትን ዶክትሬት አልጨረስኩትም። በዚህ ምክንያት በለቅሶም በሠርግም ላይ «ዩኒቨርሲቲ መቼ ነው የምትገባው?» የሚለኝ ዘመድ አልጠፋም። አንዱማ ወንድም የሚባል ሰው «አንተ'ኮ ትልቅ ቦታ ትደርስ ነበር» ብሎኛል። በፍቅር ነው ያለኝ፤ አውቃለሁ። ግን ቆስዬ ገብቻለሁ።

በ1994፣ ከአስራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ደሴ ሄጄ ነበር። አባቴ እኔ ሱዳን ሳለሁ አርፏል። እኅቴ ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ጎትታ አወጣች። ከመዝገቦቹ ብዙዎቹ የሉም። በደርግ ዘመን ወረቀት ሲጠፋ እናቴ ገጾቹን እየቀደደች ለጎረቤት ባለሱቅ ትሰጥ ነበር፤ በርበሬና ስኳር ተጠቅልሎባቸው ሄደዋል። የ1965ቱ ግን ከግማሽ በላይ ተርፏል። የልጅነት እጅ ጽሑፌን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። «ውሰደው እትዬ ስለማትፈልገው» አለችኝ እኅቴ፤ እናቴን ማለቷ ነው። ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲያ በየሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን የማደርገው አንድ ነገር ነበር። የሁለት ወር ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ የሰዎቹን ስም ሸፍኜ፣ ዓምዶቹን በእንግሊዝኛ ጽፌ ለሁሉም አድላለሁ። «ምን ታያላችሁ?» እላቸዋለሁ። ይመለከታሉ። ዋጋው የተረጋጋ ነው ይላሉ። ገበያው ጤነኛ ነው ይላሉ። አንዳንዱ ጥሩ የመኸር ዓመት ይመስላል ይላል። ጽፈው እንዲሰጡኝ አደርጋለሁ። ከዚያ የመጋዘኑ በር ላይ ምን እንደነበረ እነግራቸዋለሁ።

ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከሁሉም የማስታውሰው አንዲት ቀን ቤት ስታጸዳ ውላ ማታ የምትማር የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ታዲያ ሰዎቹ የት አሉ?» አለችኝ። እኔ በስንት ዓመቴ የደረስኩበትን ጥያቄ በሃያ ደቂቃ ደረሰችበት። ከዚያ ቀን በኋላ በየትኛውም ሠንጠረዥና ግራፍ ፊት ተማሪዎቼን ያንኑ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፤ የሥራ አጥ ቁጥር ስናይ ሥራ መፈለግ ያቆሙት የት አሉ? የቤት ዋጋ ስናይ ተከራዮቹ የት አሉ?

በእንዲህ ያለ ኮሌጅ ማስተማርን ከዩኒቨርሲቲ የማስበልጠው ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ ስታስተምር ተማሪው ያነብበዋል። እዚህ ግን የሚቀበለው እሱ ነው። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በ1994 ያሳተሙትን ጥናት ሳስተምር፣ ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4 ዶላር ከ25 ወደ 5 ዶላር ከ5 ሳንቲም ስታሳድግ የሐምበርገር ቤቶች ሠራተኛ ቀንሰዋል ወይ የሚለውን፣ ከተማሪዎቼ አራቱ አምስቱ የሚሠሩት ሐምበርገር ቤት ነው። አልቀነሱም የሚለውን ውጤት ስነግራቸው አንዱ «ሰው አልቀነሱም፤ ሰዓት ቢቀንሱስ?» አለኝ። የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በዚያ ጥናት ላይ ለዓመታት ከተከራከሩበት ነጥብ አንዱ ይኸው ነው። ልጁ የሰዓት መቁጠሪያ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ነበር የተናገረው።

ዕቁብም እንዲሁ። ስለ ብድርና ቁጠባ ስናነሣ ዕቁብን እሰጣቸው ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር አምስት መቶ ዶላር፣ በየወሩ ለአንዱ ዕጣ። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ ያስቀመጠ መሆኑን፤ ከመጨረሻው ሰው በቀር ግን ሁሉም ብቻውን ቢያጠራቅም ከሚደርስበት ቀን ቀድሞ ገንዘቡን እንደሚያገኝ ሰሌዳ ላይ እናሰላዋለን። ቤስሊ፣ ኮትና ሎውሪ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1993 ይህንኑ በሒሳብ አሳይተዋል። መጀመሪያ ያስተማርኩ ዕለት ኮሪያዊው ልጅ «ይህ የእናቴ ጌ ነው» አለ። ቬትናማዊቷ «ሁዊ እንለዋለን» አለች። ሜክሲኮው ታንዳ፣ ጃማይካዊው ፓርድነር፣ ሶማሊያዊቷ ሀግባድ። ባንክ ያልሰጠውን ብድር ዓለም ሁሉ ለራሱ ሲሰጥ እንደኖረ በአንድ ምሽት አንድ ክፍል ውስጥ ተገለጠ። ሰሌዳው በየቋንቋው ስም ተሞላ። እኔ ዳር ቆምኩ። እንደዚያ ምሽት ያለ በመምህርነቴ ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁት።

በ2007 መጨረሻ የዋሽንግተን ከንቲባ ታክሲዎች በዞን ማስከፈላቸው ቀርቶ ሜትር እንዲያስገቡ ሲወስኑ ክፍሌ ውስጥ ሁለት የታክሲ ሾፌሮች ነበሩ፤ ሁለቱም የእኛ ሰዎች። በዞኑ ሥርዓት ዋጋው የሚወሰነው በተሻገርከው የዞን መስመር ነበር፤ አንድ መንገድ ተሻግሮ የወረደ ሰው ረጅም መንገድ ከሄደው የበለጠ ሊከፍል ይችል ነበር። ተማሪው ሁሉ ሜትር ትክክል ነው አለ። ሾፌሮቹ ግን ገቢያቸው ይቀንሳል ብለው ሰግተዋል፤ ሥራ አቁመው የተቃወሙም ነበሩ። ታላቅየው ተነሥቶ የአንድ ቀን ገቢውን በሁለቱም መንገድ አስልቶ አሳየን። ጋሼ ብለው ነበር ሁሉም የሚጠሩት፣ ኢትዮጵያዊ ያልሆኑትም ጭምር፤ ስሙ መስሏቸው። ያን ዕለት የዋጋ ቁጥጥርን ያስተማረው እሱ ነው።

ከዚያ 2008 መጣ። ሌማን ብራዘርስ በሴፕቴምበር 15 ወደቀ፤ በጥር ክፍሎቻችን ሞሉ፤ ወንበር ከሌላ ክፍል እየተሸከምን እናስገባ ነበር። በኦክቶበር 2009 የአገሪቱ ሥራ አጥ 10 በመቶ ደረሰ። ኢኮኖሚ ሲወድቅ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለምን እንደሚሞላ መጽሐፉ ይነግርሃል፤ አንዱን ስትመርጥ የምትተወው ነገር ዋጋ ሲወርድ ነው። ሥራ ከሌለ ለትምህርት የምትተወው ደመወዝ የለም። ይህን ለአምሳ ዓመት ሰው፣ ሠላሳ ዓመት አናጢ ሆኖ ሠርቶ ቤቱን ባንክ ለወሰደበት ሰው ማስተማር ግን ሌላ ነው። ከፊት ረድፍ ተቀምጦ «እኔ ያጣሁት ነገር ዋጋ ዜሮ ነው ማለትህ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ደመወዝህ ብቻ ነው እንጂ አንተ አይደለህም ለማለት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ መስመሮቹን ሰሌዳ ላይ ትቼ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያ ሰው ኮርሱን ጨርሷል።

አንዲት የናዝሬት ልጅ ቀን ነርሲንግ እየተማረች ሌሊት ዳለስ አየር ማረፊያ ሱቅ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ «ፕሮፌሰር፣ የመጽሐፉ ሊቃውንት ሁሉ ፈረንጆች ናቸው፤ ከእኛ የጻፈ የለም?» አለችኝ። ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነገርኳት። ከአድዋ አካባቢ ተነሥቶ በልጅነቱ በምፅዋ በኩል በመርከብ አውሮፓ የሄደ፣ በጀርመንኛ የተማረ፣ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ያረፈ፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመለት ሰው። አላዋቂ ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋር ሲነግድ ልፋቱን አሳልፎ እንደሚሰጥ፣ ድኻ አገር ጥሬ ዕቃ እየሸጠ ለምን ድኻ እንደሚቀር፣ ከብዙዎች ቀድሞ በአማርኛ ጽፏል። ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ'ኮ የኛ ሰው ይህን ትምህርት ከሰው የተዋሰው ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። መጽሐፉን ሰጠኋት፤ አልመለሰችልኝም፤ ደስ ብሎኛል።

የመማሪያ መጽሐፍ ዋጋ ሁለት መቶ ዶላር ያልፍ ነበር። የብዙ ቀን ሥራ ማለት ነበር ለአንዳንዱ ተማሪ። በ2014 ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኦፐንስታክስ በነፃ የሚነበብ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ሲያወጣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ቀየርኩ። ቀድሞ በቤተ መጻሕፍት ቆመው ገጽ እየኮረጁ ያየኋቸውን ተማሪዎች እያሰብኩ ነው የቀየርኩት፤ አሥር ዓመት ቀድሞ በተደረገ ኖሮ እላለሁ።

በመጋቢት 2020 ሁላችንም ወደ ቤት ተላክን። ቪዲዮ የማይከፍቱ ሠላሳ ጥቁር ሣጥኖች አስተማርኩ። አንዱ ከመኪናው ውስጥ፣ ከተዘጋ ቤተ መጻሕፍት ውጭ ቆሞ፣ የሕንፃውን ዋይፋይ እየተጠቀመ ነበር የሚማረው፤ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ሲመታ ይሰማናል። በዚያን ዓመት ኢኮኖሚው ወደቀ፤ ኮሌጃችን ግን እንደ 2008 አልሞላም፣ ቀነሰ። ኢኮኖሚ ሲወድቅ ኮሌጅ ይሞላል የሚለውን ሕግ ለሃያ ዓመት ስናስተምር ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ልጆች የሚጠብቅ ሰው፣ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ነበረ። ተማሪዎቼን «ሰዎቹ የት አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በዚያ ጊዜ መልሱን ያውቁት ነበር።

በ2021 የበልግ ሴሚስተር ሲያልቅ ጡረታ ወጣሁ። የመዝገቡን ፎቶ ኮፒ ቢሮዬን ለተረከበችው መምህርት ሰጠኋት፤ መዝገቡ ራሱ ከእኔ ጋር ነው። የቀሩት ገጾች ስልሳ ሦስት ናቸው። ሁሉንም ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ገልብጫለሁ። ግን የአንድ መጋዘን መዝገብ ብቻውን ያነሰ ነገር ነው።

በወሎም ሆነ በትግራይ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ፣ በመቀሌም ሆነ በማይጨው፣ አባቶቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ በዚያ ዘመን እህል ይነግዱ የነበራችሁ አንባቢዎች አላችሁ። በየአልጋው ሥር፣ በየቆጡ ላይ፣ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. መዝገብ ሊኖር ይችላል። እባካችሁ ፈልጉት። ካገኛችሁት ለመጠቅለያ አትስጡት።